አነስተኛ የእጅ ሰዓት ሥራ ስለ ማቋቋም፤ በአሶሳ ሆኖ ለሚያስብ ሰው የቀረበ ማብራሪያ

የእጅ ሰዓት የሚያድስና ባትሪ የሚቀይር ባለሙያ በየከተማው ገበያ ይገኛል፤ የራሱን ስም በሰዓት ፊት ላይ አጽፎ የሚሸጥ ግን እምብዛም አይታይም። ሰዓት የሚወድ አንድ ወጣት በአሶሳ ተቀምጦ ይህን ሥራ ቢመኝ መንገዱ ምን ይመስላል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መንገዱን በየደረጃው ማስረዳት፣ በተለይም የእኛ የሰዓትና የቀን አቈጣጠር ለሥራው ምን ዕድልና ምን ችግር እንደሚያመጣ ማመልከት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ አነስተኛ የሰዓት ድርጅት ማለት የሰዓቱን ክፍል ሁሉ በገዛ እጁ የሚሠራ ማለት አለመሆኑ ነው። የሰዓቱ ልብ የሆነው ማሽን ከጃፓን ወይም ከስዊስ ፋብሪካ ይገዛል። ለምሳሌ የሴይኮው ኤን ኤች 35 የሚባለው ማሽን በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ የሚመታ፣ ከሞላ በኋላም 41 ሰዓት ያህል የሚሠራ ነው። መሥራቹ የራሱ የሚያደርገው ፊቱን፣ ቆጣሪዎቹን፣ ቀፎውንና ጠቅላላ መልኩን ነው።

በዚህ መንገድ ከአድናቂነት ወደ ሥራ የገቡ ሰዎች አሉ። የማሌዥያው ፎቶግራፍ አንሺ ሚንግ ቴይን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2017 የመጀመሪያ ሰዓቱን በ900 የስዊስ ፍራንክ ለገበያ አቀረበ፤ ማሽኑ ሴሊታ ከተባለው የስዊስ ፋብሪካ የተገዛ ነበር። በ2019 ድርጅቱ በጄኔቫ በሚሰጠው ታላቁ የሰዓት ሥራ ሽልማት ለወጣት ድርጅቶች የተመደበውን አገኘ። እንግዲህ ስም ያስገኘው ማሽን መሥራቱ ሳይሆን፣ የሚለይ መልክና አሳብ ይዞ መቅረቡ ነው።

የእኛ ልዩ አሳብ ከወዴት ይመጣል? እንደሚታወቀው የእኛ ሰዓት ከውጭው በስድስት ሰዓት ይለያል። የሰዓት ፊት ለ12 የተከፈለ ስለ ሆነ፣ በውጭ አቈጣጠር የተስተካከለውን ሰዓት አጭሩ ቆጣሪ በሚያመለክተው ፊት ለፊት ያለውን ቍጥር በማንበብ ወደ እኛ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ሰዓት የተለየ ማሽን አያስፈልግም፤ ቆጣሪውን ማስተካከልና፣ ቢፈለግ ከ፩ እስከ ፲፪ በግዕዝ ቍጥር መጻፍ ይበቃል።

ሆኖም ፊቱ ላይ የንጋትና የምሽት ምልክት የሚያሥል ሰው አንድ ነገር ያስብ። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው በ45ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ አሶሳ ግን በ34.5 ገደማ ላይ ትገኛለች። ለአንድ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚታሰብ፣ በአሶሳ ቀትር የሚሆነው ከአዲስ አበባ 17 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። ለአዲስ አበባ ፀሐይ የተሣለ ምልክት እንግዲህ ለአሶሳ ትክክል አይሆንም።

ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ የቀን መቍጠሪያው ነው። ተገዝቶ በሚመጣው ማሽን ላይ ቀን የሚያሳየው ቀለበት 31 ጥርስና 31 ቍጥር አለው። የእኛ 12 ወሮች ግን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ሲሆኑ፣ ጳጉሜን 5፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜም 6 ቀን ናት። ስለዚህ ባለቤቱ በዓመት 13 ጊዜ በእጁ ማስተካከል አለበት፤ አሥራ ሁለት ጊዜ 31ን ለመዝለል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከጳጉሜን ወደ መስከረም 1 ለመሻገር። የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በጉባ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ዕለት እንዲህ ያለ ሰዓት በእኛ አቈጣጠር አስተካክሎ ያሰረ ሰው፣ በሁለተኛው ቀን፣ ማለት በአዲሱ ዓመት መግቢያ፣ ሰዓቱ 6 ቍጥርን ስለሚያሳየው ወደ 1 ለመድረስ 26 ጊዜ ማሳለፍ ነበረበት።

ቀለበቱ 30 ጥርስ ቢኖረው ግን ማስተካከያው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ለአውሮፓ አቈጣጠር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚስተካከል የእጅ ሰዓት ፓቴክ ፊሊፕ በ1996 ያቀረበው፣ በማሽኑ ላይ ብዙ ተጨማሪ ክፍሎችን በማስገባት ነው። እኛ ከወሮቻችን እኩልነት የተነሣ ያንኑ ጥቅም በአንድ ቀለበት ልናገኝ እንችላለን። እርግጥ ነው፣ ጥርሱን የሚገፋው ክፍልና ቀለበቱን የሚይዘው ሞላ አብረው መለወጥ አለባቸው፤ ይህም ለጥቂት ሰዓት ሲባል የሚሠራ ከሆነ ዋጋው ከባድ ነው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ሰዓት ቀን የማያሳይ ቢሆን፣ ቀለበቱም ለሁለተኛው ቢቈይ ይሻላል።

የገንዘቡ ነገር የቀረ ጥያቄ ነው። ብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ከገዢው አስቀድመው ዋጋውን ተቀብለው በዚያው ገንዘብ ሰዓቱን ያሠራሉ፤ የፈረንሳዩ ባልቲክ በ2017 እንዲህ ጀመረ። ይህን አሠራር ከግድቡ ቦንድ ጋር ማመሳሰል ግን ስሕተት ነው። ቦንድ የገዛ ሰው ገንዘቡ በተወሰነ ጊዜ እንደሚመለስለት የሚገልጽ ሰነድ ይዟል፤ ሰዓት አስቀድሞ የከፈለ ግን በአብዛኛው የያዘው የመሥራቹን ቃል ነው። ቃሉ ከታጠፈ የሚጠፋው የአንድ ሰው ስም ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣውም የአገር ልጅ አመኔታ ያጣል።

እንደዚሁም ማሽኑ ከወዴት እንደ መጣ በግልጽ መናገር ይገባል። ስዊሶች ከ2017 ጀምሮ «በስዊስ የተሠራ» የሚለውን ጽሕፈት ለመፍቀድ ከሚጠይቁት ውስጥ አንዱ ከወጪው ቢያንስ 60 በመቶ በአገራቸው መዋሉ ነው። የጃፓን ማሽን ያለበትን ሰዓት «ማሽኑ የጃፓን፣ ንድፉና መገጣጠሙ የአሶሳ» ብሎ መሸጥ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው መደበቁ ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ከስም ማውጣት በፊት ከሰዓት አዳሽ ጠረጴዛ አጠገብ ቢቀመጥ ይጠቅመዋል። አንድ ማሽን ፈቶ፣ አጽድቶ፣ ገጥሞ፣ በቀን ስንት ሰኮንድ እንደሚፈጥን ወይም እንደሚዘገይ መለካት የቻለ ሰው፣ የሸጠው ሰዓት ተበላሽቶ ሲመለስለት የሚያደርገውን ያውቃል። ገዢው በስሙ ላይ የሚተማመነው ያን ጊዜ ነው።