በአይከል የጠፋው ዛፍ ሳይሆን ርዝመት ነው

በጣና ሐይቅ ላይ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ የኖረው ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኔዘርላንድ እርዳታ የሞተር ጀልባዎች ለዓሣ አስጋሪዎች ቢቀርቡም ሞተርና ነዳጅ የሁሉም አቅም አይደሉም። በሁለቱ መካከል ያለው አማራጭ የጣውላ ጀልባ ነው። ጣውላው ከየት ይገኛል?

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አይከል ደጋና ቆላ የሚገናኙባት የጭልጋ ከተማ ናት። የቆላው ዞቢ ጠንካራ ቢሆንም አጭርና ጠማማ ከመሆኑም በላይ ውኃ ውስጥ ይሰጥማል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለመጋዝና ለመላጊያ የሚመቸው፣ ውስጠኛው እንጨቱም ምስጥን የሚቋቋመው ዋንዛ ነው።

ችግሩ በማሳ ላይ የሚያድግ ዋንዛ ዝቅ ብሎ ቅርንጫፍ ማውጣቱ ነው። በመሆኑም ስድስት ሜትር ቀጥ ያለ ግንድ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንድ ባለ ስድስት ሜትር ጣውላና ስፋታቸውና ውፍረታቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ባለ ሦስት ሜትር ጣውላዎች የእንጨት መጠናቸው እኩል ነው፤ ዋጋቸው ግን እኩል ሊሆን አይችልም። አጫጭሮቹን የሚገዛ ሰው ለመጋጠሚያው ምስማር፣ ማሸጊያና የአናጢ ጉልበት ይጨምራል። ውኃም መጀመሪያ የሚገባው በዚያው ነው። ለረጅሙ የሚጠየቀው ጭማሪ ከዚህ ወጪ እስካልበለጠ ድረስ ገዢው አልተጎዳም።

ጣውላ ከቅጠሉ ጋር ስለማይሸጥ ዋንዛ ነው መባሉ ብቻ በቂ አይደለም። ቀለምም ይቀባልና አያስተማምንም፤ ሚዛን ይሻላል። ስድስት ሜትር ርዝመት፣ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በደንብ የደረቀ የዋንዛ ጣውላ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ባሕር ዛፍ ከሆነ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። እርጥብ ጣውላ ግን ሚዛኑን ያሳስታል። ከዝግባና ከጥድ ለመለየት ደግሞ ጫፉን በስለት አጥርቶ መቁረጥ ይበቃል። በዋንዛ ላይ በዓይን የሚታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ በሁለቱ ላይ አይታዩም። ጥድ በመዓዛውም ይታወቃል።

ሌላው ጉዳይ ሕጉ ነው። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደኖች ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መካከል አስገብቶት ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የደን ውጤት ያለ ፈቃድ እንዳይጓጓዝ ይደነግጋል። ስድስት ሜትር ጣውላ በሸራ ተሸፍኖ የሚያልፍ ዕቃ አይደለም። ወረቀት የሌለው ገዢ ኬላ ላይ ሲደርስ ጣውላውንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል።

ዘላቂው መፍትሔ ያለው በገበሬው እጅ ነው። ዋንዛው ገና ለጋ ሳለ የታች ቅርንጫፎቹ ቢመለመሉ ግንዱ ረዝሞና ቀጥ ብሎ ያድጋል። ይሁን እንጂ ይህ የብዙ ዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል። ዛፉን በማገዶ ዋጋ እንደሚሸጥ የሚያውቅ ገበሬ አይመለምልም። ለርዝመት የተለየ ዋጋ የማይከፍል ገበያ ረጅም ጣውላ አያገኝም።