ዓመቱ የማይናገር ሳንቲም

አንድን ሳንቲም ብርቅ የሚያደርገው ዕድሜው ብቻ አይደለም፤ ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሮማውያን ነሐስ በብዛት ከመሬት ስለሚወጣ በርካሽ ሲሸጥ፣ ትናንት የተሠራ ነገር ግን ገበያ ላይ ጥቂት ውሎ የተሰበሰበ ሳንቲም ብዙ ፈላጊ ሊኖረው ይችላል። የሳንቲምን ታሪክ፣ ማዕድንና አሠራር የሚመረምረው ሙያ (ኑሚስማቲክስ ይባላል) ይህን ብርቅነት ለመለየት ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በሳንቲሙ ላይ ከተጻፈው ዓመት ነው። በኢትዮጵያ ግን ይህ መነሻ አያዛልቅም፤ ከማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር አንሥቶ እስከ ደርግ ዘመን ሳንቲም ድረስ በሕዝብ እጅ ከዋለው ገንዘብ ብዙው፣ የተቀረጸበትን ሳይሆን አንድ ጊዜ ተወስኖ የቀረ ዓመት ተሸክሞ ለረጅም ጊዜ ሲመረት የኖረ ነውና።

አዳማና በስምጥ ሸለቆው መስመር የተቀመጡት የኦሮሚያ ከተሞች፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ (ዝዋይ) እና ሻሸመኔ፣ ለዚህ ጥናት ምቹ መስክ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጅቡቲው ባቡር አዳማን አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የባሕር በር ገንዘብና የመሀል አገር ገንዘብ በአንድ ሐዲድ ተገናኙ፤ ኢጣሊያ አገሪቱን በያዘችባቸው ዓመታት ደግሞ ሊሬ ተጨመረ። በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በአዋሽ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲዘልቅና በሐይቆቹ መንገድ ሻሸመኔን ሲይዝ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ አብሮ ገባ። የሃምሳ ሳንቲም ሽልንግ መባልም የዚያ ዘመን ትሩፋት ነው፤ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሒሳብ ተተምኖ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ከአሮጌ ሣጥን የወጣ ሳንቲም የሚመረምር ሰው በምኒልክና በኃይለ ሥላሴ መልክ ብቻ ተወስኖ ሊቀር አይችልም።

የቆመ ዓመት ጥንታዊው ምሳሌ ጠገራው ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ በእ.ኤ.አ. 1780 ካረፈች በኋላ የተቀረጸው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ወጥቷል፤ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም መቅረጫ ቤቶችም ተመርቷል። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል፣ ከዚህም ውስጥ ንጹሑ የብር ማዕድን ከሺህ 833 እጅ ነው። የኢጣሊያ መንግሥት ለወረራው ዝግጅት በእ.ኤ.አ. 1935 ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ማስቀረጽ ጀመረ፤ ለንደንም በማግሥቱ ዓመት የራሷን ማምረት ጀመረች። አገሬው ግን ዓመቱን ማንበብ ሳያስፈልገው የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ዕንቁዎችና የትከሻዋን ማያያዣ በጣቱ ዳስሶ፣ በዓይኑ ቆጥሮ፣ ያረጀውንና የደበዘዘውን አልቀበልም ይል ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች መቅረጫ ቤቶቹን የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ የአገራችን ነጋዴ ከማንም ሊቅ ቀድሞ ደርሶበታል ለማለት ያስደፍራል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረውና ብዙ ሰው እንደ ተራ ነገር የሚያልፈው የ1936ቱ የኃይለ ሥላሴ ሳንቲም ተከታታይ ነው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፴፮ ተብሎ ስለተጻፈ የውጭ አገር ሰብሳቢ አስቀድሞ ቁጥሩን መፍታት፣ ቀጥሎም የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱን የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ማስላት አለበት። ሳንቲሙ መጀመሪያ የተቀረጸው በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ሲሆን ከዚያ በኋላ በሌሎች መቅረጫ ቤቶችም ተመርቷል፤ ዓመቱ ግን አልተለወጠም። የሃምሳ ሳንቲሙ ነገር ለዚህ ዋና ማሳያ ነው። በእ.ኤ.አ. 1944 እና 1945 በፊላዴልፊያ የተመታው 30 ሚሊዮን ሃምሳ ሳንቲም በአሜሪካ የብድርና የኪራይ ውል ከተገኘ ብር የተሠራ ሆኖ ከሺህ 800 እጁ ንጹሕ ብር ነበር፤ በእ.ኤ.አ. 1947 የተመታው ግን ወደ 700 እጅ ዝቅ ብሏል። ሁለቱም 7.03 ግራም ያህል ይመዝናሉ፣ መልካቸውም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ሳንቲሙ በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ሲመዘን ነው፤ የመጀመሪያው እፍጋት በስሌት 10.14 አካባቢ፣ የሁለተኛው 9.98 አካባቢ ይሆናል። ይህ በውኃ ውስጥ በሚነበበው ክብደት ላይ የሚያስከትለው ልዩነት 0.01 ግራም ብቻ ስለሆነ የሱቅ ሚዛን አይበቃም፤ የግራምን ሺሕኛ የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል።

የስሙኒው ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። የ1936ቱ ሃያ አምስት ሳንቲም መጀመሪያ የወጣው ጠርዙ ክብ ሆኖ ነበር፤ በመጠን ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለተቀራረበና በአንዱ ምትክ ሌላው ሊሰጥ ስለቻለ ክቡ እንዲመለስ ተደርጎ በምትኩ ጠርዙ ወጣ ገባ የሆነው ወጣ። አያቶች የሚያስታውሱት የአበባ ቅጠል የሚመስለው ስሙኒ ይኸኛው ነው፤ ብዙ ስለሆነ ብርቅ አይደለም። ጠርዙ ሻካራ የሆነና የተስተካከለ መኖሩ ግን ለተመራማሪ ቁም ነገር ነው፤ ክቡን ያገኘ ሰብሳቢም በሳጥኑ ውስጥ በጥንቃቄ ያስቀምጠዋል። ከዚህ በፊት በ1923 ዓ.ም. የወጡት የመዳብና የኒኬል ማቶናዎች (አንድ ማቶና የብር መቶኛ ነው) ብዙም ሳይቆዩ ወረራው ስለደረሰባቸው የሥራ ዘመናቸው አጭር ሆነ፤ ዋጋቸው የሚወሰነው ግን ባሉበት ይዞታ ነው።

የደርጉ ሳንቲም ፲፱፻፷፱ የሚል ዓመት ይዞ የወጣ ሲሆን፣ አንዱ ሳንቲም በበሬ የሚያርስ ገበሬ፣ አምስቱ ነፍጥ የያዘ ሰው፣ አሥሩ የደጋ አጋዘን፣ ሃያ አምስቱ እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት ይታይባቸዋል። አጋዘኑ ከአዳማ በስተደቡብ በሚገኙት የአርሲና የባሌ ተራሮች የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኝ እንስሳ ነው። በሳንቲሞቹ ሌላኛው ገጽ ያለው የአንበሳ ራስ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዳንዱ የአገጩ ጢሞች እኩል ሲሆኑ በሌላው ሁለቱ ረዘም ብለው ይታያሉ፣ ራሱም በመጠን ይለያያል። ይህ ልዩነት ማኅተሙ የተሠራበት ቤት መለያየቱን ያመለክታል፤ ከማጉያ መነጽር በቀር መሣሪያ አይጠይቅም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የተሠሩት ብዙዎቹ ብረታቸው ከውስጥ ሆኖ ከላይ በሌላ ማዕድን የተለበጡ ስለሆኑ ማግኔት ይይዛቸዋል፣ የቀደሙት ናስ የሆኑት ግን አይያዙም። የ2002 ዓ.ም. ባለሁለት ማዕድን አንድ ብር ከወጣ ወዲህ፣ የዋጋ ንረቱም ተጨምሮበት፣ አምስትና አሥር ሳንቲም ከዕለት ግብይት እየራቁ ነው። አሁን በእጅ ያለው ተራ ዝርዝር ወደ ፊት ብርቅ ይሁን አይሁን የሚታወቀው ብዙ መረጃ ከተጠራቀመ በኋላ ነው።

ሰብሳቢው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ማጽዳት ነው፤ አሮጌ ብር በሎሚና በአመድ ማሻሸት በቤት የተለመደ ቢሆንም የሳንቲሙን የላይኛውን ሽፋን ስለሚልጠው ዋጋውንም የጥናት ማስረጃውንም ይቀንሳል። ሁለተኛው አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም ነው፤ ቀልጦ ከቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ሳንቲም ፊደላቱ ደብዛዛ፣ ገጹ በትናንሽ ጉድጓድ የተነቀሰ፣ ጠርዙም መስመር የያዘ ሆኖ ይገኛል፤ ክብደቱም ከእውነተኛው ይለያል። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ወይም ሌላ ጥንታዊ ቅርስ በእጁ የገባ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት እንደማይቻል ማወቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ግን መዝገብ ነው። የተገኘበት ከተማ፣ ከማን ወገን እንደ ወጣ፣ ከምን ከምን ጋር በአንድ ከረጢት እንደ ነበረ ያልተጻፈበት ሳንቲም ሊናገር ከሚችለው ግማሹን አጥቷል፤ መቂ ላይ ከሽልንግና ከሊሬ ጋር የተገኘ ክብ ስሙኒ እና ብቻውን ከአንጥረኛ የተገዛ ክብ ስሙኒ ስለ መንገዱ የሚናገሩት የተለያየ ነው። ለዚህም የወረቀት ኮሮጆ፣ እንዲሁም ክብደት፣ ዲያሜትር፣ የጠርዝ ዓይነትና የተገኘበት ቀን የተጻፈበት ካርድ ይበቃል።