በወረቀት ቅርጽ ያጌጠ የቤት ዕቃ፤ አሠራሩና ዋጋው

በመስታወት ክፈፍ ወይም በቁም ሣጥን ራስጌ ላይ የወይን ሐረግ ወይም የአንበሳ ራስ ጎልቶ ሲታይ፣ ገዢው ሁሉ ከእንጨት የተፈለፈለ ይመስለዋል። ነገር ግን ከእነዚህ ጌጦች መካከል ወረቀት የሆኑ አሉ። በፈረንሳይኛ ስሙ «ፓፒዬ ማሼ» ነው፤ ትርጓሜውም የታኘከ ወረቀት ማለት ነው። ስሙ የሚያስንቅ ቢሆንም ንግዱ የሚናቅ አልነበረም።

ዕቃው በእጅጉ የታወቀው በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ነው። በ1772 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሄንሪ ክሌይ የተባለ የዚያ ከተማ ሰው ለአዲስ አሠራር የባለቤትነት መብት ተቀበለ። ክሌይ ወረቀቱን አላላቆጠውም፤ ሙሉውን ሉክ ከሙጫና ከዱቄት በተዘጋጀ ማጣበቂያ እየቀባ በፎርማ ላይ ደራረበው እንጂ። የተደራረበው ወረቀት በምድጃ ሙቀት ደርቆ፣ የተልባ ዘይት ጠጥቶ፣ እንደገና ሲደርቅ እንደ እንጨት በመጋዝ የሚቆረጥና በመላጊያ የሚላግ ሰሌዳ ይሆናል። በላዩም ጥቁር ቨርኒሽ በየደረጃው ይቀባና በሙቀት እንዲጠነክር ይደረጋል። የሠረገላ ሰሌዳ፣ ትሪና ጠረጴዛ በዚህ ዓይነት ተሠራ። ክሌይም ከዚህ ሀብት አፍርቶ በ1790 የዎሪክሸር አውራጃ ሸሪፍ ለመሆን በቃ።

በ1816 የክሌይን የበርሚንግሃም ፋብሪካ ጄነንስና ቤትሪጅ የተባሉ ሸሪኮች ያዙት። እነርሱም በ1825 የሉል ዛጎልን በቨርኒሹ ውስጥ ለማስጌጫ በማዋል አሠራር መብት አገኙ፤ በ1851ም በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሥራቸውን አቀረቡ።

ለነጋዴ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ጎልቶ የሚታየው ቅርጽ ነው። በእንጨት ሥራ ጠራቢው ለእያንዳንዱ ዕቃ አዲስ ድካም አለበት፤ አሥር ወንበር ከሆነ አሥር ጊዜ ይቀርጻል፣ ዋጋውም አሥር ጊዜ ይታሰባል። በወረቀት ሥራ ግን የሚቀርጸው አንዱን ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ፎርማ ይወሰዳል፤ ወረቀቱም በፎርማው ውስጥ እየተጫነ ያው ቅርጽ ደጋግሞ ይወጣል። በደረቀ ጊዜ በዕቃው ላይ በሙጫ ወይም በምስማር ይያያዛል፤ በወርቅ ቀለም ወይም በእንጨት መልክ ይቀባል። ከጀሶ ይልቅ ቀላል ነው፤ እንደ ጀሶም በቶሎ አይሰነጠቅም። በለንደን ቻርለስ ቢለፌልድ የተባለ ባለፋብሪካ እንዲህ ያሉትን ጌጦች በሥዕል ካታሎግ አውጥቶ ይሸጥ ነበር፤ ደንበኛው ከመጽሐፉ መርጦ ያዝዛል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ርካሽ ከሆነ ስለምን ንግዱ ቀዘቀዘ? ርካሹ ወረቀቱ ብቻ ስለሆነ ነው። ማድረቁ፣ መላጉ፣ ቨርኒሹን ደጋግሞ መቀባቱ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውን ያሳጠሩ ሠሪዎችም በላቆጠ ወረቀት ብቻ የተጫነ ደካማ ዕቃ ወደ ገበያ አወጡ። ደግሞም የወንበር እግር ከወረቀት ብቻ ሊቆም ስላልቻለ፣ ብዙዎች በውስጡ እንጨት ወይም ብረት ማስገባት ግድ ሆነባቸው። ያው የበርሚንግሃም ከተማ በኤሌክትሪክ ኃይል ብር የተለበጠ ትሪ በብዛት ማውጣት ሲጀምር የወረቀቱ ትሪ ገበያ አጣ። የሰውም ምርጫ ተለወጠ። ጄነንስና ቤትሪጅ በ1864 ሥራቸውን አቆሙ።

ዛሬ ይህን ዕቃ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ፊቱን ብቻ አይቶ አይዘዝ፤ ገልብጦ ጀርባውን ይይ። በንብርብር የተሠራው በጠርዙ በኩል ተደራርቦ የተጣበቀው ወረቀት ሊታወቅ ይችላል፤ ከላቆጠ የተጫነው ግን ሲሰበር ይፈረፈራል። ቨርኒሹ በማዕዘን ላይ ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባዋል፤ ወረቀቱም ያብጣል፤ ስለዚህ ናሙናውን ከክረምት በፊት አስመጥቶ ክረምቱን በመጋዘን ማሳለፍ የሚመከር ነው። እንዲሁም ጌጡ ክብደቱ ትንሽ ቢሆንም ብዙ ቦታ ስለሚይዝ፣ የመርከብ ኪራይ በኪሎ ሳይሆን በስፋት የሚታሰብ እንደሆነ ሒሳቡ አስቀድሞ ይጠየቅ። ጌጡን ለብቻው አስመጥቶ እዚሁ በአናጢ ቤት በዕቃው ላይ ማስገጠም ከሙሉ ወንበር ጭነት ይልቅ የሚያዋጣ ይመስለናል።

በደንብ የተሠራው ዘመን አይፈራም። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በ1857 የተከፈተው ክብ የንባብ አዳራሽ የጉልላቱ ውስጠኛ ፊት የተለበጠው በዚሁ በፓፒዬ ማሼ ነው።