«ካላመመህ ድነሃል» የሚሉት ምክር

የክሮን በሽታ ያለበት ሰው የታመመው አንጀቱ ተቆርጦ ጤነኛው ከጤነኛው ሲገጠምለት፣ ለዓመታት ያሰቃየው ቁርጠት ይለቀዋል። ይበላል፣ ይወፍራል፣ ሥራውን ይጀምራል። ሐኪሙ «ከስድስት ወር በኋላ በኮሎኖስኮፒ (አንጀትን ከውስጥ በካሜራ በሚያሳየው ምርመራ) እናይሃለን» ሲለው ግን ዘመድ ወዳጅ ይነሣበታል፤ «ደህና የሆነ ሰው ምን አስለፋው? ካላመመህ ድነሃል።» ይህን ሰምቶ ቀጠሮውን የተወ አንድ ጎረቤቴ፣ ሐኪም ቤት የተመለሰው አንጀቱ ጠቦ ምግብ አላሳልፍ ሲለው ነው። እንደገና ተቀደደ።

እምነቱ መሠረት የለውም አልልም። ብዙ በሽታ ሲመጣ በሕመም ይታወቃል። ኮሎኖስኮፒም ቀላል ነገር አይደለም፤ ምግብ መተው አለ፣ አንጀት የሚያጥበውን መድኃኒት ጠጥቶ መጸዳጃ ቤት መመላለስ አለ፣ ወጪውም አለ። ታማሚው ቢሸሸው አልፈርድበትም። የምፈርደው በሰው አንጀት እርግጠኛ ሆኖ ቀጠሮ በሚያስቀረው መካሪ ላይ ነው።

ቀዶ ሕክምናው የተጎዳውን አንጀት ያወጣል እንጂ በሽታውን ከሰውነት አይነቅልም። በሽታው ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አንጀቱ ከተገጠመበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚታዩት ጥቃቅን ቁስሎች አያሙም። እየሰፉና እየጠለቁ ሲሄዱ ጠባሳ ይሠራሉ፣ መተላለፊያውን ያጠብቡታል። ሕመሙ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው፤ ጠባሳን ደግሞ መድኃኒት አይመልሰውም።

የቤልጂየሙ ሐኪም ፖል ሩትጌርትስና ባልደረቦቹ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። በአንድ ዓመት ውስጥ ከታማሚዎቹ 73 በመቶ በሚሆኑት አንጀት ላይ ቁስሉ ተመልሶ ታየ፤ የሕመም ስሜት የነበራቸው ግን 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሦስተኛው ዓመት ቁጥሮቹ 85 እና 34 ደረሱ። ብዙዎቹ በሽታው በውስጣቸው እየሠራ ደህና ነን ይሉ ነበር ማለት ነው።

ዛሬም ሐኪሞች በኮሎኖስኮፒ የታየውን ቁስል ለመመዘን የሚጠቀሙበት ከ0 እስከ 4 የሚደርሰው መለኪያ በሩትጌርትስ ስም ይጠራል። 0 ወይም 1 ያገኘ ሰው ባብዛኛው ለዓመታት ደህና ይሆናል፤ 3 ወይም 4 ከሆነ ሕመሙ ሩቅ አይደለም። 2 ላይ ግን ሐኪሞቹ ራሳቸው ይከራከራሉ፤ በስፌቱ መስመር ላይ ብቻ የታየ ቁስል ከቀዶ ሕክምናው የተረፈ ሊሆን ስለሚችል ቁርጥ ያለ መልስ የለውም።

አስቀድሞ ማየቱ ምን ይጠቅማል ለሚል፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 174 ታማሚዎችን ተከታትሎ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። በስድስተኛው ወር በኮሎኖስኮፒ ታይተው፣ ቁስል ሲገኝባቸው መድኃኒታቸው ከተጠናከረላቸው መካከል፣ በ18ኛው ወር በሽታው ተመልሶ የተገኘው በ49 በመቶው ነው፤ ካልታዩት ግን በ67 በመቶው። ምርመራው ሁሉንም አላዳነም፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም።

«ደሜ ተመርምሮ ንጹሕ ነው» የሚሉም አሉ። ሲአርፒ የሚባለው የደም ምርመራ ቁስል እያለም ደህና ሊል ይችላል። ካልፕሮቴክቲን የተባለው የሰገራ ምርመራ ይሻላል፤ በአንድ ግራም ሰገራ ከ100 ማይክሮግራም በታች ከሆነ በሽታው የመመለሱ ዕድል አነስተኛ ነው፣ ከፍ ካለ ግን ወደ ኮሎኖስኮፒ ይመራል።

ተቅማጥ በጀመረ ቁጥር «ተመለሰብኝ» ማለትም ስሕተት ነው። የትንሹ አንጀት መጨረሻ ሲቆረጥ፣ እዚያ ይመጠጥ የነበረው የሐሞት አሲድ ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ ተቅማጥ ያመጣል። የራሱ መድኃኒት አለው። ስለዚህ በሽታው ተመለሰ ብሎ ሳይመረመሩ በቤት የተረፈ የስቴሮይድ ኪኒን መዋጥ አደገኛ ነው።

በሽታውን ይመልሳል ተብሎ የሚፈራው በርበሬ ሆድ ሊያስነሣ ይችላል፤ የአንጀቱን ቁስል የሚመልሰው እሱ መሆኑን ያሳየ ማስረጃ ግን የለም። ሲጋራ ግን በሽታው የመመለሱን ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። ከታማሚው ሰሐን በርበሬውን የሚያነሡ ቤተሰቦች ስለ ሲጋራው ዝም ሲሉ አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ስድስት ወሩ ያለፈበት ሰው «አሁንማ አለፈ» ብሎ አይተወው። መመርመር የሚመከረው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያም ያለፈበት ቢሆን ደውሎ አዲስ ቀጠሮ ያሲዝ።