ጫት ያልቃመች ልጅ ዱካክ

እንጅባራ የሄድኩት ለፈረስ ነበር። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል፤ ስለ ኮርቻና ስለ ልጓም ልጽፍ አስቤ ነበር። በበዓሉ ማግስት ማለዳ ግን ከመናኸሪያው አጠገብ ካለች የጀበና ቡና በረንዳ ላይ የሰማሁት ነገር ሐሳቤን አስቀየረኝ።

ቡና የምታፈላው ልጅ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗ ቀልቷል፤ ስኒ ስታጥብ ሁለቴ አመለጣት። ከጎኔ የተቀመጡ ጋቢ የደረቡ አዛውንት "ምነው ልጄ፣ አልተኛሽም እንዴ?" አሏት።

"ዱካክ ነዋ አባባ! ሌሊቱን ሲጫወትብኝ አደረ።"

በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። አዛውንቱም ሳቅ እያሉ "ጫት ጀመርሽ በይኛ!" አሉ።

ልጅቷ ስኒውን ረከቦቱ ላይ አስቀምጣ አቀረቀረች። "በማርያም፣ ቅጠሉን በእጄ ነክቼው አላውቅም" አለች። ከዚያ በኋላ እስክንነሳ ድረስ ቃል አልወጣትም።

ዱካክ ምን እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ራሱ ያልተያዘ ሰው እንኳ የተያዘ ወንድም ወይም ጓደኛ አለው። እኔን ሲከነክነኝ የዋለው ቃሉ የደረሰበት ቦታ ነው። በአያቶቻችን አፍ ዱካክ የተኛ ሰው ላይ የሚጫን፣ ማንንም የማይመርጥ መንፈስ ነበር። ዛሬ በየከተማው ቃሉን የያዙት ቃሚዎች ናቸው፤ "ዛሬ ካልቃምኩ ዱካክ አያስተኛኝም" ይባላል። ስለዚህ ጫት ሳይቀምስ የሚጫነው ሰው ሕመሙን የሚናገርበት ቃል አጣ። ቢናገር ሱሰኛ ይባላል፤ ዝርዝሩን ቢጨምር ደግሞ ዛር አለበት ይባላል። እሷም ያን ዕለት ያቀረቀረችው ለዚህ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ተመልሼ ሄድኩ። መጀመሪያ ፈራችኝ። ጋዜጠኛ መሆኔንና ስሟን እንደማልጽፍ ስነግራት ከሰሉን እያራገበች ጀመረች።

"ሁሌ በጀርባዬ ስተኛ ነው ጋሼ። ዓይኔ ይከፈታል። የቆርቆሮው ሽንቁር ይታየኛል፤ የጎረቤት ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል። ሕልም አይደለም፣ ነቅቻለሁ። ግን ጣቴ አይታዘዝም። ከዚያ በሩ ሳይከፈት የሆነ ነገር ይገባል። ፊት የለውም። ቀስ ብሎ ይመጣና አንድ ማዳበሪያ ከሰል እንደጫኑብኝ ደረቴ ላይ ይቀመጣል።"

"ትጮሂያለሽ?"

"በየት በኩል? ምላሴ ተሳስሯል። 'በስመ አብ' እላለሁ በሆዴ። አንዴ ስል ምንም የለም። ሁለተኛው ላይ ይከብደኛል። ሦስተኛው ላይ ይለቀኛል። ከዚያ ላቤን ጠርጌ እቀመጣለሁ። መብራት ካለ አበራለሁ፤ ከሌለ የቤት አከራዬ ስታስል እስክሰማ ድረስ እጠብቃለሁ። ሰው ቅርብ እንዳለ ሳውቅ ነው ልቤ የሚመለስ።"

ከትራሷ ሥር ቢላዋ እንዳለ ነገረችኝ። እናቷ አራስ ሳለች ብረት ከጎኗ አይለይም ነበርና ብረት እንደሚያርቀው ታውቃለች። ከቢላዋው ይበልጥ የረዳት ግን የአያቷ ምክር ነው፦ "ትልቁን ትተሽ የእግርሽን አውራ ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሪ፤ እሷ ከታዘዘች ሌላው ይከተላል።" ይህን ቃል በቃል ጻፍኩት። ቆይቼ እንደማሳየው አያትየው ከማንም ሐኪም አላነሱም።

እንቅልፏንም ጠየቅኳት። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ዕቃ አጥባ ትተኛለች፤ ለማለዳ ተሳፋሪ እሳት ለማንደድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ትነሳለች። በበዓሉ ሰሞን እሱም አልነበረም።

ማታ የዱካኩ ጥያቄ ልጽፍበት ከመጣሁት ፈረስ ጋር ተደባለቀብኝ። ዛር ያለበት ሰው በባለዛሮች ቋንቋ "የዛሩ ፈረስ" ይባላል፤ መንፈሱ ይጋልበዋልና። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ ወራት ተቀምጦ የዛር ቤቶችን ሲመዘግብ ይህንኑ አነጋገር አግኝቶታል። እንግሊዞች ቅዠትን "ናይትሜር" ሲሉ ብዙ ሰው የቃሉ ሁለተኛ ክፍል ባዝራ ፈረስ ይመስለዋል። አይደለም፤ በጥንቱ የሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች "ሜር" ማለት በሌሊት መጥታ የተኛ ሰው ደረት ላይ የምትቀመጥ ክፉ መንፈስ ናት። ሠዓሊው ሄንሪ ፉስሊ እ.ኤ.አ. በ1781 ሲሥላት ግን ሁለቱንም አስገባ፦ በጀርባዋ የተዘረጋች ሴት፣ ደረቷ ላይ የተቀመጠ ጎባጣ ፍጡር፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ዓይኑ የፈጠጠ የፈረስ ራስ። ሥዕሉን በስልኬ ለልጅቷ ባሳያት ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችው። "ፈረሱን አላየሁም እንጂ ሌላው እሱ ነው" አለች።

እኛ ዘንድ ለእንዲህ ያለው መንፈስ መልሱ ለብዙ ዘመን በብራና ሲጻፍ ኖሯል። ደብተራው ክታብ ሲያዘጋጅ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጥለዋል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቀው። የክርስትና ስሙን ያስገባል። በጸሎቶቹ መሃል ትልልቅ ዓይን ያላቸው ጠልሰሞች ይሥላል፤ የሚመጣውን ክፉ ዓይን ለዓይን ገጥመው እንዲመልሱት። ከዚያ ጠላቶቹን በስም ይጠራል፦ ባርያ፣ ሌጌዎን፣ ጋኔነ ቀትር፣ ዐይነ ጥላ፣ ከእነሱም ጎን ቁርጸት፣ ውግአት፣ ፍልጸት። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ጋኔኑና የሆድ ቁርጠቱ፣ መንፈሱና ራስ ምታቱ በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፤ የጻፈው ሰው ሁለት ዓለም አድርጎ አልለያቸውም። በብዙዎቹ ክታቦች ላይ የሱስንዮስ ታሪክ አለ፤ ልጁን የገደለችበትን ውርዝልያን በፈረስ ሆኖ በጦር የወጋው ቅዱስ። ዣክ መርሲዬ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ክታቦቹ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ብራናዎቹም ዛሬ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ተጠቅልለው ይገኛሉ።

በከተማው ያገኘኋቸው አንድ መሪጌታ ስለ ዱካክ ስጠይቃቸው አልተቆጡም። "ሁሉን ጋኔን የሚል ሰው ጋኔንን አያውቀውም" አሉኝ። "ደክሞት የሚጫነው አለ፣ ኅሊናው ተረብሾ የሚጫነው አለ፣ ሌላም አለ። እኔ ሁሉንም ጸልዩ እላለሁ፤ ጸሎት የማይስማማው የለም። ሐኪም ዘንድ አትሂዱ ግን ብዬ አላውቅም።" ጸበል ቦታ እንዲህ የሚል ሁልጊዜ እንደማይገኝ እሳቸውም አልሸሸጉኝም።

የሐኪሞቹ ታሪክም ረጅም ነው። በአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ፋርሳዊ ሐኪም አል-አኸወይኒ ቡኻሪ ይህን የሌሊት ጭነት በሕክምና መጽሐፉ ጽፎታል። አሜሪካዊው ሳይላስ ዊር ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1876 መዘገበው፤ ኪኒየር ዊልሰን በ1928 "የእንቅልፍ ሽባነት" የሚለውን ስም ሰጠው። ቁልፉ የተገኘው ግን ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1953 ቺካጎ ውስጥ አንድ የእንቅልፍ ክፍል ለይተው ሲያሳውቁ ነው፤ ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሮጥበትን፣ ደማቁ ሕልም የሚታይበትን። በዚያ ሰዓት አንጎል የሰውነትን ጡንቻ ይፈታዋል፤ በሕልም ስንሮጥ ከአልጋ እንዳንወድቅ። ዓይንና ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ብቻ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንድ ሌሊት ንቃት ይቀድምና ጡንቻው ይዘገያል። ሰውየው ነቅቷል፤ ሕልሙ ግን አላለቀም። በረጅሙ ለመተንፈስ ሲሞክር የደረቱ ጡንቻዎች አይታዘዙትም፤ ያ ነው ክብደቱ። አደጋ የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ደግሞ ንቁ ስለሆነ "ሰው አለ" ይላል፤ ያ ነው በሩ ሳይከፈት የገባው። ጥቂት ሰከንድ ወይም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። ሦስተኛው "በስመ አብ" ላይ ማለት ነው። ጣትን ለማንቀሳቀስ መሞከርም ሐኪሞች የሚመክሩት ነው፤ አያትየው ቀድመዋቸዋል።

ብርቅ ነገር አይደለም። ብራያን ሻርፕለስና ዣክ ባርበር እ.ኤ.አ. በ2011 የ35 ጥናቶችን፣ የ36,533 ሰዎችን መረጃ ሰብስበው ሲያሰሉ ከጠቅላላው ሕዝብ 7.6 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ ተይዟል፤ ከተማሪዎች ግን 28.3 በመቶው። እንቅልፍ ማጣት፣ የተዘበራረቀ ሰዓት፣ ጭንቀት፣ ያለፈ አስደንጋጭ ነገርና በጀርባ መተኛት ይጠሩታል። ጃፓኖች "ካናሺባሪ" ይሉታል፤ የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ሰዎች "አሮጊቷ" ይሉታል። ባላንድ ጀላልና ባልደረቦቹ ግብጻውያንንና ዴንማርካውያንን ሲያወዳድሩ፣ ጂኒ ነው ብለው የሚያምኑት ግብጻውያን ሲያዙ እሞታለሁ ብለው የሚፈሩት ከዴንማርካውያኑ ይበልጥ ሆኖ አግኝተውታል። ፍርሃቱ ቀጣዩን ይጠራል ማለት ነው።

ይህን ይዞ "እንግዲያው መንፈሱን ከሰዎች አእምሮ እናውጣ" የሚል አለ። እኔ አልስማማም። ከላኦስ ተሰደው አሜሪካ የገቡ ህሞንግ ወንዶች ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት ይሞቱ ነበር። ሼሊ አድለር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመችው መጽሐፍ የምትከራከረው፣ በዘር የሚወረስ የልብ ችግር ላይ የሌሊቱ ፍርሃት ተጨምሮ ነው የሞቱት እያለች ነው፤ በስደት አገር የሚያረጋጋ ሥርዓታቸውን ማድረግ አልቻሉምና። የኛ ልጅ "በስመ አብ" ካለች ልቧ ይመለሳል። ያን የሚወስድባት ሰው ምን ሊተካላት ነው?

የጫቱ ነገር ውሸት አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1975 የተለየው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ እንዲህ ያሉ አነቃቂዎች የሕልሙን እንቅልፍ ያሳጥራሉ። ሰው ሲያቆም የታፈነው ሕልም ተጠራቅሞ ይመጣል፤ ዱካኩም አብሮ። ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲም ያንኑ ያደርጋል፤ መጠጥ የሌሊቱን መጀመሪያ አፍኖ መጨረሻውን ያናውጣልና። እንጅባራ ውስጥ ያገኘሁት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለፈተና ሦስት ሳምንት ቅሞ ሲያቆም አራት ሌሊት በተከታታይ ተይዟል። "የዶርም ጓደኞቼ 'ቃምና ይለቅሃል' አሉኝ፤ ቃምኩ፣ ለቀቀኝ። እንደዚያ ሆኜ ነው ሁለት ዓመት የቆየሁት" አለኝ። ዱካክን መፍራት ሱሱን አጥብቆ አሰረው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ራሱ እንደሚረግብ የነገረው አልነበረም።

ማን ይንገረው? ለረጅም ዘመን ለመላ አገሪቱ የአእምሮ ሕክምና ማለት አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና የተጀመረው በ1979 ዓ.ም. ገደማ፣ የስፔሻሊስት ሐኪሞች ትምህርት ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. ነው። በአካባቢው የምትሠራ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ "ወደኔ የሚመጡት ሁሉን ጨርሰው በመጨረሻ ነው" አለችኝ። "ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ቀን ሳታስብ እንቅልፍ ይወስድሃል? ስትስቅ ጉልበትህ ይከዳሃል? ምላስህን ነክሰህ ወይ ሽንት አምልጦህ ታውቃለህ? ከሦስቱ አንዱ ካለ ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት። ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው እንቅልፍና ማጽናኛ ነው።" ለምን ይህ በጤና ኬላ አይነገርም ብዬ አንድ የጤና ኃላፊ ጠየቅኩ። ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ከዚያ ስልካቸው አልተነሳም። ሦስተኛ ቀን ላይ ጸሐፊያቸው "ስለ ዱካክ ነው? ኃላፊው ስለዚያ አይናገሩም" ብላ ዘጋችው።

ዋጋው ግን ይከፈላል። ነርሷ የሚጥል በሽታ እያለበት ሁለት ዓመት "ዱካክ ነው" ተብሎ የተቀመጠ ወጣት አይታለች። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በተኩስ ድምፅ ሲነቁ ያደሩ ሰዎች እየበዙ መጥተዋል፤ እነሱም ተጫነኝ ይላሉ፣ እነሱንም ጫት ትቅማላችሁ ወይ የሚል ይጠይቃቸዋል።

በመጨረሻው ማለዳ ቦርሳዬን ይዤ ወደ በረንዳዋ ተመለስኩ። ያየሁትንና ያነበብኩትን አጠር አድርጌ ለልጅቷ ነገርኳት፦ በራሱ እንደማይገድል፣ በጎን መተኛት እንደሚረዳ፣ አያቷ ትክክል እንደነበሩ። ከሁሉ የገረማት ጃፓን ውስጥም መኖሩ ነው። "እነሱም ደረታቸው ላይ?" አለች ደጋግማ።

አዛውንቱ ከጥግ ሆነው ያዳምጡ ነበር። የባሕር ዳር አውቶቡስ ጡሩንባ ነፍቶ ሌሎቹ ሲነሱ እሳቸው አልተነሱም። ጋቢያቸውን ሰብስበው በርጩማቸውን ወደ ረከቦቱ አስጠጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

"ልጄ፣ ያንቺ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው? የኔ ዶሮ ሊጮህ ሲል ነው።"