አስ ከመቁጠራችን በፊት

የአሰላ ሐምሌ የጭላሎን ተራራ በጉም ሸፍኖ ሰውን ቤት ያውላል። እኛም እሑድ አራት ሆነን ብሪጅ ስንጫወት ዋልን። ያን ቀን የሠራሁትን ስህተት የምጽፈው ገና ለምትማሩት ይጠቅማል ብዬ ነው።

ብሪጅ ሁለት ለሁለት ነው። 52ቱ ካርታ 13 13 ይታደልና ጨረታ ይከፈታል። ከ13ቱ ዙር 12ቱን ለመውሰድ መዋዋል ትንሹ ስላም፣ 13ቱንም ለመውሰድ መዋዋል ትልቁ ስላም ይባላል። አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ነው፤ አጋሮች በድምሩ 33 ገደማ ሲይዙ ትንሹን ስላም ማሰብ ይጀምራሉ።

አጋሬ ጋሼ በ1 ስፔድ ከፈቱ። እኔ 20 ነጥብ ነበረኝ፦ አምስት ስፔድ ከነአሱና ንግሥቱ፣ አራት ዳይመንድ ከነአሱ፣ ንጉሡና ንግሥቱ፣ የአበባ ንጉሥና ንግሥት፣ ሁለት ተራ ልብ። ወዲያው 4 ኖ ትራምፕ አልኩ። ይህ አሜሪካዊው ኢስሊ ብላክውድ እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣው ጥያቄ ነው፤ «ስንት አስ አለዎት?» ማለት ነው። መልሱ፦

▪️ 5 አበባ፦ ምንም ወይም አራቱም
▪️ 5 ዳይመንድ፦ አንድ
▪️ 5 ልብ፦ ሁለት
▪️ 5 ስፔድ፦ ሦስት

ጋሼ 5 ዳይመንድ አሉ። የጎደለን አንድ አስ ብቻ ነው ብዬ 6 ስፔድ፣ ማለትም ትንሹን ስላም ጠራሁ። ተጋጣሚዎቻችን የልብን አስና ንጉሥ አከታትለው ወሰዱ፤ ውላችን በአንድ ዙር ጎደለ። ነጥባችን ግን ልክ 33 ነበር።

ጋሼ «ልጄ፣ ስንት እንዳለኝ ነገርኩህ፤ የቱ እንደሆነ ግን አልጠየቅኸኝም» አሉኝ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የብላክውድ ጥያቄ ቁጥር እንጂ ቦታ አይነግርም። ሁለት ተራ ካርታ ብቻ ያለን ዓይነት ካለ ወይም ከአንዱ ዓይነት ጭራሽ ባዶ ከሆንን፣ መልሱን ሰምተን እንኳ ምን እንደምንጠራ አናውቅም።

መንገዱ ይህ ነበር። 3 ስፔድ እላለሁ፤ በእኛ ስምምነት «አያቁሙ» ማለት ነው። ጋሼ 4 አበባ ብለው የአበባን አስ ያሳዩኛል። እኔ 4 ዳይመንድ ብዬ የራሴን አሳያለሁ። እሳቸው ልብን ዘለው 4 ስፔድ ሲሉ፣ የልብ አስም ንጉሥም እንደሌለን ይገባኛል፤ እዚያው አቆማለሁ። ለዚያ ውል 10 ዙር ይበቃል፤ እኛ ደግሞ 11 ነበረን።

ስለዚህ 4 ኖ ትራምፕ ከማለታችሁ በፊት እያንዳንዱን መልስ በልባችሁ ስሙት። ለአንዱ እንኳ ቀጣይ ጥሪያችሁን ካላወቃችሁ፣ የመጠየቂያው ሰዓት ገና ነው።