ድንጋይም ይለወጣል፦ ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ወንዝ

ተማሪዎቻችን አለት በስንት ይከፈላል ተብለው ሲጠየቁ «በሦስት፤ ቅልጥ አለት፣ ዝቅጥ አለትና ልውጥ አለት» ብለው ያለ ስሕተት ይመልሳሉ። ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ድንጋይ አንሥተን «ይህስ ከየትኛው ነው? እንዴትስ ተሠራ?» ብንላቸው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም። እኛም ብንሆን ሦስቱን ስሞች እናስጠናለን እንጂ አንዱ ወደ ሌላው እንደሚለወጥ፣ ለውጡም ከምናርሰው መሬት ጋር እንደሚገናኝ ሳናሳይ እናልፋለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዓባይን ሸለቆ ምሳሌ በማድረግ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሃ ጽዮን ሲደርስ ሜዳው በድንገት ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ከወረደ በኋላ በማዶ በኩል ያንኑ ያህል ወጥቶ ደጀን ይገባል። በዚህ ጉዞ ላይ የገደሉን ግድግዳ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ቀለማቸውና ውፍረታቸው የተለያየ አለቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው ያያል። በመሶብ ከተደራረበ እንጀራ መጀመሪያ የተጋገረው ከሥር ያለው ነው። እንደዚሁም ንብርብሩ ካልተገለበጠ በቀር የታችኛው ዝቅጥ አለት ከላይኛው ይበልጥ ያረጀ ነው። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ ወደ ታች በወረድን ቁጥር በዘመን ወደ ኋላ እንሄዳለን ማለት ነው።

፩. ቅልጥ አለት

በሸለቆው አናት ላይ የምናገኘው በተለምዶ ጥቁር ድንጋይ የምንለው ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት እየተሰነጠቀ ከውስጧ የቀለጠ አለት ወጣ፤ እንደ ጎርፍም በሰፊው እየፈሰሰና እየተደራረበ ቀዘቀዘ። የሰሜኑና የመካከለኛው ደጋችን ብዙው ክፍል በዚህ አለት የተሸፈነ ነው። በአፋር የሚገኘው ኤርታሌ በዘመናችንም ይህንኑ ዓይነት ላቫ የሚያወጣ እሳተ ገሞራ ስለ ሆነ ነገሩ የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም።

የቅልጥ አለት መልክ የሚወሰነው በውስጡ ባሉት ማዕድናትና በቀዘቀዘበት ፍጥነት ነው። እንደ ባልጩት ያለው እጅግ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ እንደ መስተዋት ይሆናል። ባዛልት ላይ ላዩን ስለሚቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ደቃቅ ናቸው። ግራናይት ግን በምድር ውስጥ በጣም በዝግታ ስለሚቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ በዓይን ይለያሉ።

፪. ዝቅጥ አለት

ከባዛልቱ ሥር ስንወርድ መልኩ ይለወጣል። በመጀመሪያ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጂፕሰምና የሸክላ አፈር የጠጠረበት ድንጋይ፣ በመጨረሻም በወንዙ አቅራቢያ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ እናገኛለን። እነዚህ በእሳት የተሠሩ አይደሉም። ወንዝና ባሕር ያመጡት አሸዋ፣ ጭቃና የእንስሳት ቅርፊት እየዘቀጠ፣ በላዩም ሌላ እየተጫነው፣ በውኃ ውስጥ የሟሙ ማዕድናትም እንደ ሙጫ እያያዙት ጠነከረ።

በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪት ይገኛል። ከዚህም የምንረዳው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ደጀን ያለበት ስፍራ በባሕር ተሸፍኖ እንደ ነበረ ነው። ጂፕሰሙ ደግሞ ጥልቀት የሌለው የባሕር ውኃ በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ያስቀረው ነው፤ በዳሎል አካባቢ የሚቆረጠው ጨውም የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚጽፍበት ጠመኔ ብዙውን ጊዜ ከጂፕሰም የሚሠራ በመሆኑ የጥንቱን ባሕር ቅሪት በእጁ ይዟል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

፫. ልውጥ አለት

ሦስተኛውን ለማየት ወንዙን ተከትለን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቤኒሻንጉል መውረድ ይኖርብናል። በዚያ የላይኞቹ ንብርብሮች ተጠርገው አልቀው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረው መሠረት ይገለጣል። ከዚህም አንዱ የዳለቲ እብነ በረድ ነው። እብነ በረድ ቀድሞ የኖራ ድንጋይ ነበረ፤ በምድር ውስጥ በታላቅ ሙቀትና ግፊት ሳይቀልጥ ተለወጠ። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ጀበና አድርጋ ስትተኩሰው ጭቃው አይቀልጥም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ጭቃ አይደለም፣ ውኃም አያሟሟውም። የልውጥ አለትም ነገር ይህን ይመስላል። ሙቀቱ እጅግ ቢጨምርና አለቱ ቢቀልጥ ደግሞ ሲቀዘቅዝ እንደገና ቅልጥ አለት ይሆናል። ዙሩ የሚገጥመውም በዚህ ነው።

፬. አለትና ማሳ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሩቅ ዘመን ነው። ይሁን እንጂ ዙሩ ዛሬም አልቆመም። በደጋው ላይ ያለው ባዛልት በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ በዝናብ ይበሰብሳል፣ የዕፀዋት ሥር ይፈለቅቀዋል፤ በመጨረሻም ጤፍና ስንዴ የምናበቅልበት ቀይ አፈርና መረሬ ይሆናል። አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል። ተዳፋት ላይ ያለ እርከን የሌለው ማሳ ግን ይህን አፈር በጥቂት ክረምቶች ሊያጣው ይችላል።

ዓባይ በክረምት የሚደፈርሰው ይህንኑ አፈር ተሸክሞ ስለሚወርድ ነው። ግድቦች ከመሠራታቸው በፊት የግብፅን ማሳ ለብዙ ሺህ ዓመታት ያዳበረው ደለል በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሄደ ነበረ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከተገነባ ወዲህ ደግሞ ብዙው ደለል በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ይዘቅጣል። ስለዚህ ከማሳችን የሚታጠበው አፈር ገበሬውንም ግድቡንም ይጎዳል። ደለሉ በሚሊዮን ዓመታት ተመልሶ አለት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያ ለዛሬው ገበሬ እህል አይሆንም። ተማሪው የአለትን ዙር ሲማር ይህን ካላገናዘበ ትምህርቱ ከደብተሩ አይወጣም።

፭. በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

ሀ/ አሸዋ፣ ጠጠርና ጭቃ በውኃ በተሞላ ጠርሙስ ጨምራችሁ በጥብጡና አስቀምጡት። በማግስቱ የትኛው ከሥር፣ የትኛው ከላይ እንደ ዘቀጠ መዝግቡ።

ለ/ የተፈጨ የኖራ ድንጋይና የተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ለየብቻ አስቀምጣችሁ በሁለቱም ላይ ሎሚ ጭመቁ። አረፋ የሚያወጣው የትኛው ነው? ለምንስ?

ሐ/ እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፈሩ አንድ ድንጋይ ያምጣ። ስሙን ከመናገሩ በፊት ቅንጣቱን፣ ቀለሙንና የተገኘበትን ቦታ ይግለጽ፤ ከዚያም ድንጋዩ ከየት መጥቶ ወደ ምን እንደሚለወጥ ያስረዳ።

ሸለቆውን ሄዶ ለማየት ለሁሉም ትምህርት ቤት አይመችም። ነገር ግን ድንጋይ የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው፤ ትምህርቱም ከዚያው ሊጀመር ይችላል።